«አዲሱን የሮዜሺያ ክሬም ከውጭ ላስመጣ?»

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 39 ነው። ፒያሳ አካባቢ ኬክ ቤት ውስጥ ኦቨን ላይ እሠራለሁ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ጉንጬና አፍንጫዬ ላይ እንደ ብጉር ያለ ነገር ይወጣል፤ ፊቴ ይግላል፣ ይለበልበኛል። መጀመሪያ ምች ነው ተብዬ ዳማ ከሴ ተቀባሁ። ከዚያ ፋርማሲ ጠይቄ የሰጡኝን ክሬም ስቀባ በሦስት ቀን ጥርት አለልኝ። ሳቆም ግን ብሶ ይመለሳል፤ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዓመት አለፈኝ። በቅርቡ አንድ ሐኪም ሮዜሺያ የሚባል የፊት ቆዳ በሽታ ነው አለኝ። እኔ ጠይም ነኝ፤ ይሄ የነጮች በሽታ አይደለም እንዴ? አይቨርሜክቲን የሚባል ክሬም በጥናት ተረጋግጧል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ከውጭ ላስመጣ? ቡናና በርበሬስ ልተው? የጨጓራ ባክቴሪያም አለብሽ ተብያለሁ፤ ከሱ ይሆን?

መልስ፦ ስለሚያስመጡት ክሬም ከማውራታችን በፊት አሁን የሚቀቡትን ቱቦ ገልብጠው ያንብቡ። በሦስት ቀን ፊትን ጥርት የሚያደርግ፣ ሲቆም ደግሞ ብሶ የሚያስመልስ ክሬም አብዛኛውን ጊዜ ስቴሮይድ ነው። ቱቦው ላይ ቤታሜታሶን፣ ክሎቤታሶል ወይም ሞሜታሶን የሚል ካገኙ፣ ወይም የፈንገስ ነው ተብሎ ክሎትሪማዞል ከቤታሜታሶን ጋር የተቀላቀለበት ከሆነ፣ ጥያቄዎ ይለወጣል። የትኛው አዲስ መድኃኒት ይሻለኛል የሚለውን ለጊዜው ያቆዩትና ከዚህ ክሬም እንዴት ልላቀቅ በሚለው እንጀምር።

አንዲት ታካሚ ፌስታሏን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው። ሰባት ቱቦ ነበር። አምስቱ ስማቸው ሌላ፣ ቀለማቸው ሌላ፣ የተመረቱበት አገር ሌላ፤ ውስጣቸው ያለው ግን ያው ስቴሮይድ። «አንዱ አልሠራ ሲለኝ ወደ ሌላው እየቀየርኩ ነው» አለችኝ። ምንም አልቀየረችም ነበር። እንዲያውም በየቅያሬው ወደ ጠንካራው እየወጣች ነው የመጣችው። የማዲያት ማጥፊያ እየተባሉ የሚሸጡት ቅልቅሎችም ውስጥ ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ አለ፤ ስለዚህ «እኔ የምቀባው የማዲያት ነው» ብለው እንዳይዘናጉ።

ስቴሮይድ ፊት ላይ ሲቀባ ከቆዳው ሥር ያሉትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ያጠባል፣ የተቆጣውንም ያበርዳል። ለዚህ ነው በሦስት ቀን ተአምር የሚመስለው። ወራት ሲቆጠሩ ግን ቆዳው ይሳሳል፤ የደም ሥሮቹም በክሬሙ መጥበብ ስለሚለምዱ ክሬሙ ሲቀር ተለጥጠው ይከፈታሉ። ማቃጠሉ፣ ማበጡ፣ ሽፍታው ያን ጊዜ በአንድ ላይ ይመጣል። ታካሚዋ ታዲያ «በሽታዬ አገረሸ» ብላ ተመልሳ ትቀባለች። እርስዎ ዓመት ሙሉ የዞሩት ይህንኑ ክብ ነው። ከሥሩ እውነተኛ ሮዜሺያ ሊኖር ይችላል፤ ሁሉም ስቴሮይዱ ያመጣው ሮዜሺያ መሰል ሽፍታ ሊሆንም ይችላል። ክሬሙ ቆሞ ሁለት ሦስት ወር ሳያልፍ ለይቼ እነግርዎታለሁ የሚል ሐኪም ቢያጋጥምዎ እኔ አላምነውም።

ይህ ከጠየቁኝ ጥናት ጋር በቀጥታ ይገናኛል። የሮዜሺያ መድኃኒት የሚፈተንበት ጥናት ተሳታፊ ሲመዘግብ ፊቱ ላይ ስቴሮይድ ሲቀባ የቆየን ሰው ወይ ጭራሽ አይወስድም፣ ወይ አቁሞ ሳምንታት እስኪያልፉት ያስጠብቀዋል። የሰሙት ውጤት እንግዲህ የተገኘው ፊታቸው አሁን እንደ እርስዎ ካልሆነ ሰዎች ነው። ክሬሙን ዛሬ አስመጥተው በስቴሮይዱ ላይ ቢደርቡት እዚያ የተጻፈውን ቁጥር አይጠብቁ።

«የነጮች በሽታ» የሚለውን እናንሳ። ከነጮች ላይ በብዛት መታየቱ እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ ለሮዜሺያ ሐኪም ጋ ከቀረቡት ውስጥ ጥቁሮች 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆነው ተመዝግበዋል። ነገር ግን ይህ ቁጥር የሚያሳየው ማን እንደታመመ ብቻ አይደለም፤ ማን እንደታየለትም ነው። መማሪያ መጽሐፎቹ ላይ ያለው ሥዕል የቀላ ነጭ ጉንጭ ነው። ጠይም ፊት ላይ መቅላቱ ወደ ቡና ዓይነት ወይም ወደ ወይን ጠጅ ያጋድላል፤ አንዳንዴ ዝም ብሎ የጠቆረ ነው የሚመስለው። እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ቀላል ነው። የላቦራቶሪ ስላይድ የምንላትን ስስ መስታወት ጉንጭ ላይ አድርጌ ለቀቅ ሳላደርግ እጫናለሁ። ከመስታወቱ ሥር ያለው ቆዳ ነጣ ካለና ሳነሳው ቀለሙ ተንደርድሮ ከተመለሰ፣ እዚያ ውስጥ የተከፈተ የደም ሥር አለ። ማዲያት ቢሆን ንቅንቅ አይልም። ከዚያ የእጄን ጀርባ መጀመሪያ ግንባር ላይ፣ ቀጥሎ ጉንጭ ላይ አደርጋለሁ፤ የሮዜሺያ ጉንጭ ይግላል። እርስዎም «ይግላል፣ ይለበልበኛል» ብለው የጻፉት በጠይም ሰው ላይ ከቀለሙ የበለጠ የሚያመላክት ምልክት ነው።

እዚህ አገር ግን ሐኪሙ ሮዜሺያ ከማለቱ በፊት ሊያስባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። በጠይም ሰው ላይ ጠጠር ጠጠር የሚል፣ መግል የሌለው የሮዜሺያ ዓይነት አለ፤ አፍንጫና ጉንጭ ላይ የወጣ ቁንጭር ደግሞ ይህንን ቁርጥ አድርጎ ሊመስል ይችላል። ቁንጭር በብዛት የሚገኘው ደጋ ላይ ስለሆነ፣ ደጋ አካባቢ ኖረው ወይም ከርመው ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩት። የቆዳ ቲቢ፣ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃበት በሽታ)፣ ሥጋ ደዌም በዚሁ ሰልፍ ውስጥ ናቸው። ፊት ላይ የደነዘዘ ቦታ ካለ፣ ሳይድን ወር የተሻገረ ቁስል ካለ፣ ወይም ከሽፍታው ጋር የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የአፍ ቁስልና የፀጉር መርገፍ ከመጣ፣ ክሬም መምረጡ ይቆየን፤ ናሙና ተወስዶ መታየት አለበት። አንዳንድ ሰው አለርት ሂድ ሲሉት «እኔ ሥጋ ደዌ የለብኝም» ብሎ ይቆጣል። አለርት ለማንኛውም የቆዳ ችግር የሚኬድበት ሆስፒታል ነው፤ ስሙን ፈርተው አይቅሩ።

አሁን ወደ አይቨርሜክቲን። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በጥቁር ዝንብ ለሚተላለፈው ለኦንኮሰርኪያሲስ በየገጠሩ ከዓመት ዓመት የሚታደለው እንክብል ነው። ለፊት የሚሆነው 1 በመቶ ክሬም አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። የተመረጠበት ምክንያት ሁሉም ሰው ፊት ላይ ከሚኖር፣ በዓይን ከማይታይ ዴሞዴክስ ከሚባል ተባይ ጋር ይያያዛል። ሮዜሺያ ያለበት ሰው ፊት ላይ ይህ ተባይ በዝቶ ይገኛል። ይህን ስሰማ እኔም መጀመሪያ ደስ አላለኝም፤ እርስዎ ግን ፊትዎን በሳሙና ቢፈትጉ አይወጣም፤ ንጽሕና ከመጓደል ጋርም አይገናኝም። በተጨማሪ የቆዳው የመከላከያ ሥርዓት ከልክ በላይ ይቆጣል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት የሮዜሺያ ቆዳ ካቴሊሲዲን የተባለውን ፕሮቲን ከመጠን በላይ እንደሚያመርትና ወደሚያስቆጣ ቅርጽ እንደሚቆራርጠው አሳይቷል። አይቨርሜክቲን ተባዩንም ይቀንሳል፣ ቁጣውንም ያበርዳል።

ይሠራል ወይ? ይሠራል፤ ግን ምን ያህል እንደሆነ በቁጥሩ ይመልከቱት። ለፈቃዱ መሠረት በሆኑት ሁለት ጥናቶች በ12 ሳምንት መጨረሻ ፊታቸው «ጠርቷል» ወይም «ጠርቷል ለማለት ጥቂት ነው የቀረው» የተባሉት 38.4 እና 40.1 በመቶ ነበሩ። መድኃኒት የሌለበትን ባዶ ክሬም ከተቀቡት ደግሞ 11.6 እና 18.8 በመቶው እዚያው ደረጃ ደርሰዋል። ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ በሦስት ወር ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አልጠሩም፤ ስለዚህ በሦስት ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ መጣል የለም። ሁለተኛ፣ ባዶው ክሬም ራሱ ሰው አሽሏል። ለምን? ረጋ ያለ ማለስለሻ በየቀኑ የሚቀባ፣ ሐኪም በየጊዜው የሚያየው፣ ፊቱን መፈተጉንና ያገኘውን መቀባቱን የተወ ሰው በዚያ ብቻ ይሻለዋል። ይህ መንገድ ለእርስዎም ክፍት ነው፣ ዋጋውም ርካሽ ነው።

እዚህ ከምናውቀው ከሜትሮኒዳዞል ጄል ጋር ሲነጻጸርስ? አውሮፓ ውስጥ 962 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ግማሾቹ አይቨርሜክቲንን በቀን አንዴ፣ ግማሾቹ 0.75 በመቶ ሜትሮኒዳዞልን በቀን ሁለቴ ለ16 ሳምንት ተቀቡ። የቁጣው ጉብታ በመጀመሪያዎቹ በ83 በመቶ፣ በሁለተኞቹ በ73.7 በመቶ ቀነሰ። ከዚያ መድኃኒቱ ቆሞ ሲጠበቅ እስኪያገረሽ ድረስ የቆየው መካከለኛ ጊዜ 115 ቀን ለ85 ቀን ሆነ። አይቨርሜክቲን ይበልጣል፤ ይህ አያከራክርም። ግን ጥናቱን የደገፈው ራሱ ክሬሙን የሚያመርተው ጋልደርማ ነው፤ ማን የትኛውን እንደሚቀባ እንዳያውቅ የተደረገውም ገምጋሚው ሐኪም ብቻ ሲሆን ታካሚዎቹ የሚቀቡትን ያውቁ ነበር። ተሳታፊዎቹም በአብዛኛው ነጮች ናቸው። የ9 በመቶ ያህሉ ልዩነት የጉዞ ሻንጣ ውስጥ ተደብቆ፣ ሙቀት እየመታው፣ የማብቂያ ጊዜው ሳይታይ ለሚመጣ ቱቦ የሚያስከፍለውን ያህል ነው ወይ ብለው ከጠየቁኝ፣ ለመጀመሪያ ሕክምና አይደለም ነው የምለው። ሜትሮኒዳዞል በአግባቡ ተሞክሮ ካልበቃ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ። ክሬሙ ሲወደድ ሰው አቋራጭ ይፈልጋል። የከብት አይቨርሜክቲን መርፌ ጠርሙስ ላይም «1 በመቶ» የሚል አለ፤ ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ያው ነው ብሎ ፊቱን የቀባ ሰው አይቻለሁ። የተሟሟበት ፈሳሽ ለእንስሳ ከቆዳ ሥር ለሚሰጥ መርፌ የተሠራ ነው፤ የሳሳ ፊት ላይ ያቃጥላል። እንክብሉን ፈጭቶ ከቫዝሊን ጋር ማደባለቅም እንዲሁ አይሆንም።

በአፍ ስለሚወሰደው ብዙ ሰው ያልገባው ነገር አለ። ዶክሲሳይክሊን ለሮዜሺያ የሚሰጠው ባክቴሪያ ለመግደል አይደለም፤ ቁጣ ስለሚያበርድ ነው። ለዚህ ተብሎ የተሠራው 40 ሚሊግራም በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 ተፈቅዷል፤ መጠኑ ባክቴሪያ ለመግደል የማይበቃ እንዲሆን ሆን ተብሎ ነው። 91 ሰዎች ላይ በተደረገ ንጽጽር 40 ሚሊግራሙ ከ100 ሚሊግራሙ ያነሰ ውጤት አላሳየም፤ ሆድ የሚያውክ ጣጣው ግን 100ው ላይ ይበዛል። እዚህ በቀላሉ የሚገኘው 100 ሚሊግራም ስለሆነ በሱ እንሠራለን፣ የጊዜውን ርዝመት ግን እንገድባለን። አዲስ የመጣው የሚኖሳይክሊን 40 ሚሊግራም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ተፈቀደ። በሁለቱ ጥናቶቹ በ16 ሳምንት የጠራላቸው 65 እና 60 በመቶ ሲሆኑ፣ በዶክሲሳይክሊን 40 ደግሞ 46 እና 31 በመቶ ነበሩ። ጥሩ ቁጥር ነው። ይሁንና ሚኖሳይክሊን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቆዳን ሊያጠቁር የሚችል መድኃኒት ስለሆነ፣ ጠይም ታካሚ ላይ ለወራት ከማዘዜ በፊት ሁለቴ አስባለሁ።

እስካሁን ያወራነው ስለ ጉብታው ነው። መቅላቱና መጋሉ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጥናቱም እዚያ ላይ ደከም ያለ ነው። የደም ሥር የሚያጠብ ብሪሞኒዲን ጄል እ.ኤ.አ. በ2013፣ ኦክሲሜታዞሊን ክሬም በ2017 ተፈቅደዋል። የጠዋት ቅባት እስከ ማታ ይይዛል፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ ግን አንዳንዱ ሰው ፊቱ ከበፊቱ ብሶ ይቀላል። ከስቴሮይድ ጥገኝነት እየወጣ ላለ ፊት ይህን መስጠት ከአንዱ ጉድጓድ አውጥቶ ሌላው ውስጥ መክተት ነው። ለግላኮማ የሚሰጠውን የብሪሞኒዲን የዓይን ጠብታ ፊት ላይ መቀባትም ሰምቻለሁ፤ አይሞክሩት። ዴንማርክ ውስጥ ደግሞ ለማይግሬን የሚወጋውን ኤሬኑማብን 30 ሰዎች ላይ ሞክረው ፊት የሚግልባቸው ቀናት እንደቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2024 አሳትመዋል። ማወዳደሪያ ቡድን አልነበረውም። ባዶ ክሬም እንኳ ምን ያህል እንደሚያሽል ከላይ አይተዋል፤ ስለዚህ ተስፋ ነው፣ ገና ሕክምና አይደለም።

ሌዘር ለተለጠጡ የደም ሥሮች ይረዳል፤ ነገር ግን ለነጭ ቆዳ የተስተካከለ ጨረር ጠይም ቆዳ ላይ ሲያርፍ ቀለሙን ያገኘዋል፣ ያቃጥላል፣ ጠባሳና ጥቁረት ይተዋል። የውበት ሳሎን ውስጥ ፀጉር በሚያነሱበት የብርሃን ማሽን «ፊትሽንም እናጥራልሽ» ቢሉዎ እምቢ ይበሉ። ሳሎን የሚሠራው የፊት እንፋሎትም፣ የወይባ ጢስም ለጊዜው ይቅርብዎ፤ ሁለቱም ሙቀት ናቸው።

ቡናን በተመለከተ ብዙ ሰው በከንቱ ተቀጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመ አንድ ትንሽ ግን ብልህ ሙከራ አለ። ሮዜሺያ ላለባቸው ሰዎች በ60 ዲግሪ የሞቀ ቡና፣ በ22 ዲግሪ የበረደ ቡና፣ የሞቀ ባዶ ውኃና ካፌይን ለየብቻ ተሰጣቸው። ፊታቸውን ያቀላው የሞቀው ቡናና የሞቀው ውኃ ነው። የበረደው ቡናም ካፌይኑም ምንም አላደረጉም። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ከ82 ሺህ በላይ አሜሪካዊ ነርሶችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት በቀን አራት ሲኒና ከዚያ በላይ የሚጠጡት ከማይጠጡት ጋር ሲነጻጸሩ ሮዜሺያ የመያዝ ዕድላቸው በ23 በመቶ ያነሰ ሆኖ አገኘው። ይህ ቡና ያድናል ማለት አይደለም፤ ክትትል እንጂ ሙከራ አይደለም። ቡናዎን እንዲተዉ ለማዘዝ ግን ምክንያት አሳጥቶኛል። አቦሉን ይጠጡ፤ ሲኒው ትንሽ ይብረድልዎ፣ ከከሰሉ አጠገብም አይቀመጡ።

በርበሬ ላይ እንዲህ አፌን ሞልቼ አልናገርም። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በነርቭ ጫፍ ላይ ሙቀትን የሚቀበለውን በር ይከፍታል፤ ፊት የሚያግልባቸው ሰዎች እንዳሉ ግልጽ ነው። ሁሉንም ግን አያግልም። ሁለት ሳምንት አልጫ ይብሉ፣ ከዚያ ይመለሱበትና ፊትዎን ይዩ። ለውጥ ከሌለ ወጥዎን ይብሉ። አረቄና ሌላ መጠጥ ግን ብዙ ሰው ላይ ያግላል።

ስለ ጨጓራ ባክቴሪያው፦ ይህ ጉዳይ በጥናት ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1999 ባክቴሪያው ያለባቸውን 44 የሮዜሺያ ታካሚዎች ለሁለት ከፍለው ለግማሾቹ የባክቴሪያውን መድኃኒት፣ ለግማሾቹ አስመሳይ ክኒን ሰጧቸው። ፊታቸው ላይ ልዩነት አልታየም። «ለጨጓራዬ ስወስድ ፊቴም ተሻለኝ» የሚሉ ሰዎች አይዋሹም፤ ለጨጓራ ከሚሰጡት መካከል ሜትሮኒዳዞልና ክላሪትሮማይሲን ያሉት በራሳቸው የፊትን ቁጣ ሊያበርዱ ይችላሉ። ጨጓራዎን ለጨጓራዎ ሲሉ ይታከሙ።

እርስዎ ጋ ትልቁ ቀስቃሽ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ኦቨኑና ፀሐዩ። በሩ ሲከፈት ፊት ላይ የሚመጣው ወላፈን በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል። ሲከፍቱ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ይሁኑ፣ ፊትዎን ያዙሩ፣ ከተቻለ ፋን ይኑር፣ አንገትዎ ላይ ቀዝቃዛ እርጥብ ፎጣ ያድርጉ። በረዶ ፊት ላይ አይጫኑ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ብርዱ ግን ፀሐዩን እንድንንቀው ያደርገናል። ጃንጥላ ይያዙ። የፀሐይ መከላከያ ከገዙ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን፣ ቀለም የተጨመረበትን ይምረጡ፤ ነጩ ጠይም ፊት ላይ አመድ የነፋበት ያስመስላል፣ ሰውም ለዚህ ነው የሚተወው።

እንግዲህ የማዝዘው ይህ ነው። ስቴሮይዱን ያቁሙ፤ ግን ለብቻዎ አያቁሙት። ከሚቀጥሉት ቀናት በአንዱ የቆዳ ሐኪም ጋ ይቅረቡና ባቆሙበት ዕለት ሕክምናውን ይጀምሩ። አንዳንድ ሐኪም ለአጭር ጊዜ ወደ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲሶን ዝቅ እያደረገ ያስቆማል። እኔ ባንዴ ማስቆሙን እመርጣለሁ፤ «ዝቅ ያለው» ቱቦ እጅ ላይ እስካለ ድረስ በክፉ ቀን መመለስ ቀላል ነውና። ይህ በትልልቅ ጥናት የተዳኘ ነገር ሳይሆን የሐኪሞች ልምድ ነው። ከማስቆሙ ጋር ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊግራም በቀን አንዴ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት፣ ሜትሮኒዳዞል 0.75 በመቶ ጄል ጠዋትና ማታ። ቆዳው በጣም ከተቆጣ ጄሉን ሁለት ሳምንት አዘገየዋለሁ። ፊትዎን ለብ ባለ ውኃና ሽቶ በሌለው ረጋ ያለ ማጠቢያ ብቻ ይታጠቡ፣ ሽቶ የሌለው ማለስለሻ ይቀቡ። ሎሚ፣ እርድ፣ ስፒሪት፣ ዳማ ከሴ፣ መፈተጊያ ሁሉ ይቁም።

ዶክሲሳይክሊን እርጉዝ ለሆነች፣ ለመፀነስ ለምትሞክር ወይም ለምታጠባ አይሰጥም፤ ሐኪሙ ካልጠየቀዎት እርስዎ ይንገሩት። ቆመው ወይም ተቀምጠው፣ ብርጭቆ ሙሉ ውኃ ጠጥተው ይዋጡት፤ ሊተኙ ሲሉ ከዋጡት ጉሮሮ ላይ ቆሞ ያቆስላል። ከወተት፣ ከብረት እንክብልና ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር አብረው አይውሰዱት፤ የጨጓራ ሽሮፕ የሚጠጡ ከሆነ በሰዓታት ያራርቁት። ቆዳንም በፀሐይ በቀላሉ እንዲቃጠል ያደርጋል።

ከባዱ ጊዜ የሚመጣው ካቆሙ ጥቂት ቀናት በኋላ ጀምሮ ነው። ፊትዎ ሊያብጥ፣ ሊፋጅ፣ ከዛሬው የባሰ ሊመስል ይችላል፤ ሁለት ሦስት ሳምንት የሚቆይ አለ፣ የሚረዝምበትም አለ። መድኃኒቱ አልተስማማኝም ብለው የሚጠሉትና ወደ ድሮው ቱቦ የሚመለሱት ያን ጊዜ ነው። አሠሪዎን አስቀድመው ያነጋግሩ፤ ከተቻለ እነዚያን ሳምንታት ኦቨኑን ለባልደረባዎ ሰጥተው ክሬም መቀባቱና ማስጌጡ ላይ ይሥሩ። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ጠዋት ይሁን፣ እዚያው መስኮት አጠገብ በስልክዎ ፎቶ ይነሱ። በየቀኑ መስታወት ማየት ያሳስታል፤ አሥራ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አያሳስትም።

ዓይንዎን አልጠቀሱም፤ ሮዜሺያ ግን ዓይንም ይነካል። አሸዋ የገባበት የሚመስል፣ ጠዋት የሚደርቅ፣ ሽፋሽፍቱ ሥር የሚቀላ ዓይን ካለዎት ለሐኪሙ ይንገሩት፤ ትራኮማ ነው ተብሎ የታለፈ አጋጥሞኛል። ዓይን ከታመመ፣ ብርሃን ካስጠላ ወይም እይታ ከደበዘዘ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዕለቱ የዓይን ሐኪም ጋ ይሂዱ።

በ12ኛው ሳምንት ጉብታው ጠፍቶ መጋሉ ትንሽ ቢቀር ጥሩ ደረጃ ላይ ነን፤ ዶክሲሳይክሊኑ ይቆማል፣ ጄሉ ይቀጥላል። ጉብታው ካልቀነሰ ናሙና ወስደን ምርመራውን ከሥሩ እናየዋለን፤ አይቨርሜክቲንን በሕጋዊ መንገድ ማግኘት ይቻል እንደሆነ የምንጠይቀውም ያን ጊዜ ነው። ሮዜሺያ ከሆነ ተመላላሽ በሽታ ነው፤ ልክ እንደ ደም ግፊት ይያዛል እንጂ ተነቅሎ አይጣልም።

ሐኪም ጋ ሲሄዱ ሜክአፕ ሳይቀቡ፣ በቀጥታ ከኦቨን ሳይነሱ ይሂዱ። ቤት ያሉትን ቱቦዎች ሁሉ፣ ያለቁትንም ጭምር፣ ፌስታል ውስጥ ከተው ይዘው ይሂዱና ጠረጴዛው ላይ ይዘርግፏቸው።